የጉራቻ የኋላ እግር

ፀዲ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቆልፋ፣ በሁለት እጇ የሥራ ቦርሳዋን እያዘጋጀች ነበር የምታወራው።

«ኦቦ አዳን፣ ይስሙኝ። ፈረሱን ከጥላ አያውጡት። ዘይት አይቀቡት። ቅቤም አይቀቡት። አይጠቡት። ጨርቅ አይጠምጥሙበት። ነገ እስክመጣ ማንም ሰው እግሩን እንዳይነካ። አዎ፣ ማንም።»

ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

ፀዲ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ለሥራ ናይሮቢ ከወረደች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እማዬ የምትለውም እኔን ነው። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጨርሳ ከተመለሰች ስምንት ወሯ። እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ከእኔ ሆቴል ሦስት ሱቅ አለፍ ብሎ ካለ የከብት መድኃኒት መሸጫ ተቀጥራለች። ስትቀጠር ደስ ብሎኝ ነበር። ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የትል መድኃኒት መሸጥ ምን ክፋት አለው? ባንኮኒ አይራገጥም። እሷ ግን ሰው በደወለ ቁጥር ቦርሳዋን አንጠልጥላ መብረር ነው። ዛሬ ግመል፣ ነገ አህያ።

አህያ ሲባል እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሆና፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከውሃ ጋሪ የተፈታ አህያ በኋላው በኩል ስታልፍ አገጯን መታት። ሰዎች ተሸክመው ሲያመጧት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አፏን ከፍታ ሁለት ጥርስ መዳፌ ላይ ተፋች። አላለቀሰችም። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም እሱ ነው፣ አለማልቀሷ። ያ ልጅ በዚያው ዓመት አህያውን ፍለጋ ሄዳ ሣር ስታበላው ያዝኳት። እንዲህ ያለችውን ምን ታደርጓታላችሁ?

ስለዚህ የኦቦ አዳን ፈረስ የታመመው የኋላ እግሩን ነው ሲባል፣ ሌላው ንግግር ሁሉ ከጆሮዬ ወጣ። የኋላ። የቀኝ የኋላ። እሷ ደግሞ ሥሩ ቁጢጥ ብላ ልታየው ነው።

«በካሜራ ነው የማየው እማዬ፤ ከሩቅ ነው» ትለኛለች።

ካሜራው ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። ከስልኳ ግርጌ ትሰካዋለች፤ ከዚያ ስልኩ ላይ ሰውም ግድግዳም በቀለም ይታያል። የቀዘቀዘው ሰማያዊ፣ ለብ ያለው ቢጫ፣ የሞቀው ቀይ፣ በጣም የጋለው ነጭ። የታመመ ቦታ ደም ይበዛበታል፣ ደም ሲበዛ ይሞቃል፣ ዓይን ያላየውን ሙቀት ይኼ ያያል ብላ አስረድታኛለች። መጀመሪያ የሞከረችው በእኔ ጉልበት ነው። ግራው ቢጫ፣ ቀኙ እንደ ፍም። «የሚያምሽ ቀኙ ነው» አለችኝ፣ ያልነገርኳትን። ጥሩ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ካሜራው ከሩቅ ቢያይም እጇ ከሩቅ አይቀርም፤ አውቃታለሁ።

ኦቦ አዳን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሄሉ መንደር ሰው ነው። ባለቤቴ ኃይለማርያም በሕይወት ሳለ ለሆቴሉ በግ የሚገዛው ከእሱ ነበር፤ ኃይለማርያም ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ተቀምጦልኛል። አሁን አርጅቷል፤ ወገቡ ሞተር አይችልም። ጎዶማ በኩል ያሉትን ከብቶቹን የሚያየው በዚሁ ፈረስ ነው። ጉራቻ ይሉታል፤ በኦሮምኛ ጥቁሩ ማለት ነው። ፈረሱ ማነከስ ከጀመረ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ አሁንማ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ አቁሟል። ሽማግሌዎቹ ዳሌው ነው ብለዋል፤ ዳሌ ደግሞ በጋለ ብረት ይተኮሳል። አዳን አንዴ አስተኩሶት ስላልተሻለው፣ ከሁለተኛው በፊት ፀዲ ትየው አለ።

የአዳን ልጅ ጎዳና ግን ብረትም ሐኪምም ሰልችቶታል። ጎዳና ሆምጋርድ ነው፤ መንደሩን እንዲጠብቅ መንግሥት ጠመንጃ የሰጠው። «በሦስት እግር ሲጎተት ጅብ በቁሙ ይበላዋል፤ ከዚያ እኔ ብገላግለው ይሻላል» ማለቱን ፀዲ ራሷ ነገረችኝ። ነገ ጠዋት እሷ አይታ ተስፋ የለውም ካለች፣ በዚያው ይሸኘዋል።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ በር ላይ ስትደርስ ጠበቅኋት።

«አንቺ ወዴት ነው?»

«ኦቦ አዳንን ልጠይቅ። ወገቡን ካመመው አልሄድኩም።»

«ወገቡን ካመመው አራት ዓመቱ ነው።»

«እንግዲያው አርፍጃለሁ። ጓንትሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ያለ ጓንት እንዳትነኪው። በእኔ ሞት በይ።»

«እማዬ!»

«በይ!»

በሞቴ ማለች። ቦዳቦዳ የሚነዳው ሻሪፍ ሞተሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። «ሾሾ፣ አንቺም ዶክተር ሆንሽ?» ይለኛል፤ እዚህ የአሮጊቶች ሁሉ ስማችን ሾሾ ነው። መሃል አስቀመጡኝ፤ ፀዲ ከኋላዬ ሆነች። ቦርሳዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ውስጡ አንድ ሃይላንድ ጠበል አለ። ከድንበሩ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ባለፈው እሑድ በእግሬ ሄጄ ያመጣሁት ነው። ፀዲ አታውቅም።

የአዳን ግቢ ስንደርስ ፈረሱ ዳስ ሥር ታስሮ ቆሟል። ከርቀት ትልቅ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ደግሞ ይብሳል። ጥቁር ነው፣ አቧራ ለብሷል፤ ዳሌው ላይ ብረት የበላው ጠባሳ ሁለት መስመር ሠርቷል። የቀኝ የኋላ እግሩን ከጉልበቱ አጥፎ፣ የሰኮናውን ጫፍ ብቻ መሬት አስነክቶ ይንቀጠቀጣል። ዝንብ ስታርፍበት ያ እግር ወደ ላይ ይፈናጠራል። ባየሁት ቁጥር ጥርሴን ነው የምነክሰው።

አዳን በዘንጉ ተደግፎ ወጣ። ባለቤቱ ሀዋኦ ከኋላው ኩባያ ይዛ ትከተላለች። ጎዳና ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሏል፤ ጠመንጃው አጠገቡ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ዳክታሪ መጣች» አለ ጎዳና ሳይነሳ። «ፎቶ ልታነሳው ነው። ጉራቻ፣ ሳቅ በል።»

«አንተን ባነሳህ ጭንቅላትህ ሰማያዊ ነው የሚወጣው» አለችው ፀዲ። ሀዋኦ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይኔ እግሩ ላይ ነው።

ፀዲ ፈረሱን ዞር ዞር ብላ አየችው። አልነካችውም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሰው ሳይጠጋው ባለበት ይረጋጋ አለች፤ ከተረበሸ ሙቀቱ ይዛባል። እስከዚያ አዳን አጀማመሩን እንዲነግራት ሁሉም ሻይ ሊጠጡ ወደ ቤት ገቡ።

«እማዬ ነይ እንጂ።»

«ጉልበቴን እዚህ ላፍታታ። መጣሁ።»

ብቻዬን ቀረሁ። እኔና እሱ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር። ፀዲ አትጠቡት ብላለች። ጠበል ግን ማጠብ ነው እንዴ? የሚታጠበው የቆሸሸ ነገር ነው፤ በሳሙና፣ በጨርቅ። ጠበል ይረጫል እንጂ አይታጠብበትም። ዘይት አትቀቡ አለች፣ ቅቤ አትቀቡ አለች፣ ጠበል አላለችም። በዚህ ላይ ፈረሱ ይዳን ብዬ አይደለም፤ ስለ ፈረሱስ ጌታው ያስብ። እኔ የፈለግኩት ያ እግር ልጄ ላይ እንዳይነሳ ብቻ ነው። የፈጣሪን ስም ጠርቼ፣ በስሙ ታስሮ እንዲውል።

ሃይላንዱን ከፈትኩ። በጎን በኩል፣ ግድግዳውን ታክኬ፣ እጄ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ተጠጋሁ። ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። «በስመ አብ» ብዬ ከቋንጃው ጀምሬ ወደ ታች ለቀቅኩት። እግሩ ተርገበገበ፤ ግን አልተነሳም። ደግሜ አፈሰስኩ። ሃይላንዱ ባዶ እስኪሆን። ውሃው በጥቁር ፀጉሩ ላይ ወርዶ ሰኮናውን አርሶ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ፤ አሸዋው እንደሆነ ቀድሞም በሽንቱ ረጥቧል። ፀጉሩ ጥቁር ስለሆነ ምንም አያስታውቅም። ላስቲኩን ቦርሳዬ ውስጥ ጨምሬ ገባሁና ሻዬን ጠጣሁ። ከአህያው ቀን ወዲህ እንደዚያ ቀን ልቤ ቀለል ብሎት አያውቅም።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ወጣን። የሞያሌ የጠዋት ነፋስ ዳሱ ሥር ገብቶ ይወጣል። ፀዲ ጓንቷን አጠለቀች፤ በሞቴ ምላ የለ። ካሜራውን ሰካች። አዳን በአንድ ጎኗ፣ እኔ በሌላው ሆነን ስልኩን እናያለን። የፊት እግሮቹ ሁለቱም ቢጫ። ዳሌው ቢጫ፣ ግራውም ቀኙም እኩል። የግራ የኋላ እግሩ ቢጫ። ከዚያ ወደ ቀኙ ዞረች።

ሰማያዊ። ከቋንጃው እስከ ሰኮናው፣ እንደ ሌሊት ሰማይ ጥቁር ሰማያዊ። እግሩ ከፈረሱ ላይ የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

ፀዲ ሌላ ጎን ዞራ አነሳች። ሰማያዊ። ራቅ ብላ፣ ቀረብ ብላ። ሰማያዊ። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ በጓንት እጇ እግሩን ዳሰሰችው፤ እግሩ አልተነሳም። ተመስገን አልኩ በልቤ፣ ጠበሉ ሠራ።

«ይቀዘቅዛል» አለች። ድምጿ ቀጥኗል።

«መቀዝቀዝ ጥሩ አይደል?» አለ አዳን። «ያመመው ይሞቃል ብለሽኝ ነበር።»

«ትንሽ ቢቀዘቅዝ ነበር። እንደዚህ ግን... ኦቦ አዳን፣ እንዲህ የቀዘቀዘ እግር ደም አይደርሰውም ማለት ነው። የደም ሥሩ ተዘግቷል። ደም ያጣ ሰኮና ይሞታል፣ ይወልቃል።»

«መድኃኒት የለውም?»

ካሜራውን ከስልኩ ነቀለች። «እኔ የማውቀው የለውም።»

ሀዋኦ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ጎዳና ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፤ አሁን አይቀልድም። «ዳክታሪ ተናግራለች፣ አባ። ብረቱ ይቅርበት። ወደ ጉብታው ይዤው ልውጣ።»

አዳን ቀርቦ የፈረሱን አንገት ይዞ ጆሮው ውስጥ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ነገረው። ከዚያ ገመዱን ፈትቶ ለልጁ ሰጠ።

ጉድ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱ ቀስ እያለ ገባኝ። ከምድጃ አጠገብ አርባ ዓመት የቆምኩ ሴት ነኝ፤ እርጥብ ጨርቅ ነፋስ ላይ ሲሰጣ እንደሚቀዘቅዝ አጥቼው ነው? እንስራስ የሚያቀዘቅዘው ላቡ አይደል? ያ ሰማያዊ የደም ማጣት አይደለም። ያ ሰማያዊ የእኔ ሃይላንድ ነው።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የተናገርኩት ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ነው። ፈረሱ ከሄደ እግሩም ይሄዳል። ልጄ ሥሩ አትቀመጥም። ፀዲ ደግሞ ቦርሳዋን እየዘጋች፣ ዚፑ እምቢ እያላት፣ ወደ እኔ ሳታይ እንዲህ አለች፤ «እውነትሽን ነው እማዬ። እኔን የሚያዋጣኝ ባንኮኒው ነው።» ስምንት ወር የለመንኩት ቃል። በገዛ አፏ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ውሃው እስከ ቀትር ይደርቃል፣ ፈረሱ ይቀበራል፣ ልጄ ባንኮኒዋ ጋ ትቆማለች፣ ሙሉ ፊቷን ይዛ ማታ ማታ ትመጣልኛለች።

ፈረሱ በሦስት እግሩ እየዘለለ በአጠገቤ አለፈ። ሲዘልል የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ሰው ሲያቃስት ነው የሚመስለው። ጎዳና ጠመንጃውን በአንድ እጁ፣ ገመዱን በሌላው ይዟል። አዳን ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳውን ያያል። ኃይለማርያም የሞተ ጊዜ እኔን እንዲህ ጀርባውን አልሰጠኝም ነበር፤ ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው።

«ጎዳና!» አልኩ።

አልሰማኝም።

«ጎዳና ቁም! እግሩ እርጥብ ነው!»

ቆመ። ሁሉም ዞሩብኝ።

«ምን አልሽ?» አለች ፀዲ።

«አፈሰስኩበት። ሻይ ስትጠጡ።» ሃይላንዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁ፤ እንደ ሌባ። «ጠበል ነው። አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም።»

ፀዲ ጓንቷን አወለቀች። ሄዳ ጎንበስ አለችና ባዶ እጇን ፀጉሩ ውስጥ አስገባች። ስታወጣው ጣቶቿ ያብለጨልጫሉ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየቷን ከዚያ በፊት አላውቀውም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ትናንት ስልክ ሳወራ በሩ ላይ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«አይጠቡት ስል ሰምተሻል።»

«ጠበል እኮ ማጠብ አይደለም ልጄ...»

«ለካሜራው ያው ውሃ ነው! ፈረስ ላስገድል ነበር እኮ! በአንቺ ውሃ፣ በእኔ አፍ!»

ጎዳና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ሳቅም ቁጣም ያልሆነ ነገር ፊቱ ላይ መጣ። «ቆይ፣ ቆይ። እማማ አሰገደች፣ የክርስቲያን ውሃ በእኛ ፈረስ ላይ? ሳትጠይቂ? በእስላም ቤት?»

የፈራሁት ይኼንንም ነበር። ያን ጊዜ ሀዋኦ ከሻሿ ሥር አፏን አወጣች።

«አንተ ደግሞ አታካብድ። እኔስ ትናንት ከሼሁ ያመጣሁትን የቁርአን ውሃ ዳሌው ላይ አፍስሼበት የለ?»

«አንቺም?!» አለ አዳን ዞር ብሎ።

«ስልክ ከመደወሏ በፊት ነው» አለች ሀዋኦ። «የእኔው ደርቋል።»

አዳን አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ዘንጉን መሬት ላይ መታ። «ያ ረቢ! ሁለት አሮጊት ሊያሰምጡት ነው ይኼን ፈረስ!» ከዚያ ለፀዲ፣ ረጋ ብሎ፤ «በስንት ሰዓት ይደርቃል ልጄ?»

ፀዲ ደረቅ ፎጣ አስመጥታ ራሷ አደረቀችው። ሥሩ ቁጢጥ ብላ። በሁለት እጇ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ነጠላዬን ነክሼ ቆሜ ነበር፤ ልጠጋ ስል በጣቷ ብቻ «እዚያው» አለችኝ። ከዚያ ዳሱን ነፋስ በሚመጣበት በኩል በሸራ ጋረዱት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ፀዲ ከእኔ ጋር አልተቀመጠችም። ሀዋኦ አጠገቤ ሆና ስለ ልጆቿ ታወራለች፤ አንዱንም አልሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ ታምሞ ከሆነ፣ የሚታከም ከሆነ፣ እግሩን የምታነሳው እሷ ናት። እኔ ነኝ በአፌ ሥሩ የመለስኳት።

ሁለተኛው ሥዕል ሌላ ፈረስ ነበር የሚመስለው። ሰማያዊው የለም። እግሩ እስከ ታች ቢጫ፣ ዳሌው እንደ ቀድሞው እኩል፤ ሰኮናው ከፀጉሩ በሚገናኝበት ዙሪያ ግን ቀይ ቀለበት፣ በውጪው በኩል ደግሞ ነጭ። የጋለ ነጭ።

«ይኼው!» አለች ፀዲ። ድምጿ ተመለሰ። «ዳሌው አይደለም፤ ዳሌው ንጹሕ ነው። ሰኮናው ውስጥ መግል አለ። የሆነ ነገር ወግቶት ቀዳዳው ተደፍኗል፤ መውጫ አጥቶ ነው የሚያሰቃየው።»

«ሰኮናውን አይተነዋል፤ ምንም የለም» አለ ጎዳና።

«ከላይ ምንም አይታይም። መክፈት ነው።»

መክፈት። ያቺን ቃል ስትናገር ከቦርሳዋ ጫፉ የታጠፈ ቢላ አወጣች።

ጎዳና ጠመንጃውን ለአባቱ ሰጥቶ ልጓሙን ያዘ። ፀዲ ከፈረሱ ጎን ተጠግታ፣ ትከሻዋን ታፋው ላይ አስደግፋ፣ እጇን በእግሩ ላይ ወደ ታች አንሸራተተች። ሰኮናውን አነሳችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው። አገጯና ሰኮናው መሃል ያለው አንድ ስንዝር ነው። አንድ ስንዝር። ዓይኔን ልጨፍን አልኩ፣ አልቻልኩም። ስሙን ልጠራ አልኩ፣ ተውኩት። ዛሬ በስሙም በውሃውም ያደረግኩትን አይቻለሁ፣ በምን አፌ?

ቢላው ሰኮናውን ይፍቃል። ነጭ ቅርፊት ይወድቃል። ፈረሱ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ነቀነቀ፤ ጎዳና ተንጠለጠለበት። አንዴ ደግማ ፋቀች፤ በሰኮናው ውስጥ ጥቁር ነጥብ ታየ። «እሱ ነው» አለች። ቢላውን አጠለቀችው።

እግሩ ተነሳ።

ያየሁት በቁርጥራጭ ነው። ቢላው ዳሱ ላይ ሲመታ። ፀዲ በጀርባዋ አሸዋው ላይ። አቧራ። ሰኮናው አየር ላይ ሁለት ጊዜ። እኔ ጮህኩ መሰለኝ፤ ሀዋኦ በሁለት እጇ ከወገቤ ይዛኛለች፣ ልቀቂኝ እያልኩ እታገላታለሁ። ፀዲ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ እጇ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተነስታ ተቀመጠች። አፏን በእጇ ጠረገችና እጇን አየችው።

«ፀዲ! ልጄ! አፍሽን ክፈቺ! ክፈቺ ልየው!»

«አልነካኝም» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ገፋኝ እንጂ አልመታኝም። እማዬ፣ አትጩሂ፤ እሱን ነው የምታስደነግጪው።»

ለካ እሱን የማስደነግጠው እኔ ነኝ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩት።

ተነስታ ቢላዋን ፈለገች። ጎዳና ይቅር አላት። አዳንም «ልጄ፣ በቃ፣ ይቅር» አለ። እሷ ግን ወደ እኔ ነው ያየችው፤ እንድትተው የምለምናት መስሏት። እኔ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ዝም አልኩ። ተመልሳ ትከሻዋን ታፋው ላይ አስደገፈች።

ሦስተኛው ፍቂያ ላይ ጥቁር ውሃ ፈነጠቀ፤ ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ አስመለሰን። ከኋላው ወፍራም መግል፣ ከመግሉ መሃል የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የእሾህ ስባሪ። ፈረሱ አንድ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ፀዲ በአዮዲን አጠበችው፣ የሕፃን ዳይፐር አድርጋ በወፍራም ፕላስተር ጠቀለለችው፣ መንጋጋ ቆልፍ እንዳይዘው አንገቱ ላይ መርፌ ወጋችው። እግሩን ስትለቀው መጀመሪያ ጫፉን ብቻ አስነካ። ቆይቶ ቆይቶ ሙሉውን አሳረፈው። አዳን ጠመንጃውን እንደያዘ ቁጭ ብሎ በእጁ ዓይኑን ሸፈነ።

«ገና ነው» አለች ፀዲ። «በየቀኑ ጠዋት እየተከፈተ በሞቀ የጨው ውሃ መታጠብ አለበት፤ አንድ ሳምንት። እኔ እመጣለሁ።»

አንድ ሳምንት። ሰባት ጠዋት። ሰባት ጊዜ ያ እግር ጭኗ ላይ።

ሻሪፍ እስኪመጣ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነው የተናገረችኝ። አልተቆጣችም። እሱ ነው የባሰው።

«አንቺ ግን አትመጪም።»

«በሩቅ እቆማለሁ። አልጮህም።»

«ብትቆሚ ፈረሱን አላይም፤ አንቺን ነው የማየው። ሳላየው ነው የሚመታኝ። ገባሽ?»

ገብቶኛል። «እሺ» አልኩ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ከኋላዬ ሆና ወገቤን ይዛኝ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ሻሪፍ ሆቴሉ በር ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ፀዲ ጨውና ፎጣ ቦርሳዋ ውስጥ እየጨመረች ነበር። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ነኝ። እጄን የማስቀምጥበት ጠፍቶኝ ያደረቅኩትን ብርጭቆ መልሼ አደርቃለሁ።

«ከጎን ነው የምትቆሚው?» አልኳት።

«ከጎን።»

«ጎዳና ልጓሙን ይዞ?»

«ይዞ።»

«ቀድመሽ ዳሰስ አድርጊው፤ መኖርሽን ይወቅ።»

ቆም አለች። «እሱን ማን አስተማረሽ?»

«ትናንት ሳይሽ።»

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ሻሪፍ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየና «ሾሾ፣ ዛሬ አትሄጂም?» አለኝ።

«አልሄድም» አልኩት። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

ሞተሩ ተነሳ። በሩ ድረስ ወጣሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። የሄሉን መንገድ ይዘው እስኪታጠፉ አየኋቸው። ከውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሻይ እያለ ይጣራል። መጣሁ እላለሁ፤ አልገባም። አሁን ደርሳለች እላለሁ። አሁን ውሃውን አሙቀውላታል። አሁን ጎዳና ልጓሙን ይዟል። አሁን ትከሻዋን አስደግፋለች።

አሁን እግሩን አንስታለች።